ጋምቤላ ቁጥር ሦስት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የመታወቂያችሁ ፎቶ እናንተን ይመስላል? አውጡትና እዩት፣ እኔ እጠብቃለሁ። የኔ አይመስልም። የኔ መታወቂያ ላይ ያለችው ልጅ ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ፊቷ ወተት የበዛበት ሻይ ነው። ጆሮዋ ከኋላዋ ካለው ነጭ ግድግዳ ጋር ተቀላቅሏል። አፍንጫዋም ጠፍቶ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶላታል። ስሟ አጁሉ ይባላል፤ የኔም ስም አጁሉ ነው። ከዚህ ሌላ የሚያገናኘን ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ወደ ኢታንግ ስሄድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ መታወቂያዬን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ መታወቂያውን አየ። ከዚያ በትሕትና፣ የእህቴን መታወቂያ ተሳስቼ ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። እህት የለኝም አልኩት። ታዲያ ይቺ ማን ናት አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ይሄኔ ተሳፋሪው በሙሉ መታወቂያዬን እየተቀባበለ መመርመር ጀመረ። አንዷ እናት ያኔ ታምሜ እንደነበር ገምታ አዘነችልኝ። ሌላው ደግሞ፣ አይ፣ ያኔ ደህና ነበረች፣ የታመመችው አሁን ነው አለ። ሹፌሩ ምሎ ባይመሰክርልኝ ኖሮ እስካሁን እዚያው ኬላው ላይ ነበርኩ።

ያቺን የሻይ ልጅ የፈጠሯት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ከገበያው አጠገብ ፎቶ ቤት አላቸው። ከደጋ የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። እስከ ዛሬ በሙቀቱ እንዳማረሩ ናቸው፤ ግን ወደ አገርዎ ይመለሱ ቢባሉ ንቅንቅ አይሉም። ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ላይ ስለማማቸው ነው። ካሜራ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ የምሠራበትም ካሜራ የእሳቸው ነው። የኔ የምለው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ብቻ ነበር።

እኔ ውጭ ውጭውን እያነሳሁ አመጣለሁ፣ እሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ ያስተካክላሉ። ኮምፒውተሩን ማንም አይነካባቸውም። ለማስተካከያ እንዲያመቻቸው፣ አንዴ ሲጫኗቸው ፎቶውን በራሳቸው የሚለውጡ ሦስት ቁልፎች አዘጋጅተው ስም አውጥተውላቸዋል። ጋምቤላ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት። ቁጥር አንድ ለመታወቂያ ነው፤ ሲጫኑት ፊት ይፈካል። ቁጥር ሁለት ለሠርግና ለምረቃ ነው፤ ቆዳው እንደ ፕላስቲክ ሳህን ልስልስ ይላል። ቁጥር ሦስት የባነር ነው። እሱን ሲጫኑት ሰውየው ራሱ ይወጣና በቦታው ሌላ ሰው ይገባል።

ደግሞ ጋሽ ታደሰ በኛ ላይ ብቻ የሚያደርጉት እንዳይመስላችሁ። የፎቶ ቤቱ በር ላይ የራሳቸው ትልቅ ፎቶ አለ። እሳቸው ጠይም ናቸው፣ ፎቶው ግን ከአረብ አገር ለሥራ የመጣ ነጋዴ ነው። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ገብቶ፣ በሩ ላይ ያሉትን ሰውዬ ጥሩልኝ፣ ከሠራተኛ ጋር አልነጋገርም ብሏቸዋል። አሁን ይሄ ሰው ትምህርት ይወስዳል አትሉም? አልወሰዱም።

ሰዉ ደግሞ ይወደዋል፣ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ? ጎረምሳው ገብቶ ገና ሳይቀመጥ፣ ያፍኩኝ ይላል። ሙሽራዋ ቁጥር ሁለት አንሶኛል ብላ ቁጥር ሦስት ታስጨምራለች። የገዛ እናቴን ልንገራችሁ? ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ የማንጎው ጥላ ግማሽ ፊቷ ላይ ወድቆ፣ እየሳቀች አነሳኋት። ማንም እጁን ሳያሳርፍበት አሳትሜ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፣ ራቅ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በጠራራ ፀሐይ! እማ፣ ጥቁር መሆንኮ መብራት መጥፋት አይደለም አልኳት። ፎቶውን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው፤ እስካሁን እዚያው ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? ወደኛ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሊቀይረን ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ኪሱ የበዛ ሰደርያ የለበሰ እንግዳ ፎቶ አንሺ መጥቶ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ሊያነሳ ፈለገ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ነበር። በአስተርጓሚ ሳቁን እንዲተዉት ለመናቸው። ሲተዉት አነሳ። ተመልሰው መሳቅ ሲጀምሩ ካሜራውን አወረደ። እሱ ሊያሳዝነን መጣ፣ ፎቶ ቤቱ ሊያነጣን ተቀመጠ። እኛን ራሳችንን የሚፈልግ ጠፋ እንዴ? እኔ እፈልጋለሁ አልኩ። ማንም ሳይሾመኝ።

እናም መንገድ ለመንገድ መዞር ጀመርኩ። ባጃጅ ውስጥ እግሩን በመስኮት አውጥቶ የተኛ ሹፌር። ገበያ ውስጥ ዣንጥላ ይዛ ለቲማቲሟ ጥላ የምትሠራ፣ ራሷ ግን ፀሐይ ላይ የቆመች ሴት። ከሁሉ ከሁሉ ግን የኔ ነገር መዝሙር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር መዘምራን ቅዳሜ ከሰዓት ይለማመዳሉ። ከበሮ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ከኪቦርዱ በላይ የሚጮህ ጄኔሬተር አለ። በአኙዋክኛ ሲጀምሩ እንኳን ሰው ዛፉም የሚወዛወዝ ይመስላል።

ይሄን ማንሳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካሜራ ፈሪ ነገር ነው። መዘምራኑ የሚለብሱት ነጭ ሳቲን፣ ፊታቸው ጥቁር። በራሱ ፈቃድ ከተዉት ይደናገጥና ወይ ልብሱን ያቃጥለዋል፣ ወይ ፊቱን ይውጠዋል። ጋሽ ታደሰ ፍላሽ አብሪበት ይላሉ። እኔ ፍላሹን ጠላሁት። ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል ጠብቄ በጎን በኩል እቆማለሁ። ያኔ ግንባር ላይ ያለው ላብ ያበራል፣ ጉንጭ ላይ ብርሃን ይተኛል፣ ጥቁሩ ፊት ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለው ታዩታላችሁ። ይሄን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ካሜራውን አቅፌ አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ።

አሁን ወደ አሪየት ልምጣ። አሪየት ጓደኛዬ ናት። በሥራ ቀን ገበያው ጥግ አሳ ትጠብሳለች፤ እሑድ መሪ ዘማሪት ናት። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት። ልጅ ሆና ወንድሟ የአሳ መንጠቆ ሲወረውር ያገኛት ነው። ኢታንግ አጠገብ ካለው መንደራቸው ጤና ጣቢያ ድረስ እናቷ ተሸክመው ሮጠዋል። አሪየት ስትዘምር ዓይኗን ትጨፍናለች፣ አፏን እስከ መንጋጋዋ ትከፍታለች፣ ያ ቅንድብ ወደ ላይ ይሰቀላል። አንድ ቅዳሜ ልክ እንደዚያ ሆና ያዝኳት። ላቧ ጠባሳው ዙሪያ ያበራል። ከበሮ መቺው ከኋላዋ ደብዝዟል። ብታዩት ድምፁ ይሰማችኋል። በሕይወቴ ያነሳሁት ምርጥ ፎቶ እሱ ነው።

በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ኮንፈረንስ እያዘጋጀች ነበር። ከኢታንግ እንግዶች ይመጣሉ፣ ከመቲ ከተማም መዘምራን ተጋብዘዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ኦባላ የአሪየትን ፎቶ ሲያይ፣ ለትልቁ ባነር ይሄ ይሁን አለ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። የኔ ፎቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር በላይ፣ ከመንገድ ሊታይ! ግን ወንድም ኦባላ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። ትንሽ ይፍካ እንጂ አለ። እንግዳ ነው የሚመጣው አለ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ፊት ይጠረጋል እንዴ?

ጋሽ ታደሰ ያን ቀን ያልጠበቅኩትን ነገር አደረጉ። ከወንበራቸው ተነሱና ቁጭ በይ አሉኝ። ዕድሜዬ ሄዷል፣ ዓይኔም ደክሟል፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሩን አንቺ ተለማመጂ አሉኝ። ይሄ ትልቅ ሹመት ነው። እዚያ ወንበር ላይ ከእሳቸው ሌላ የተቀመጠች ድመታቸው ብቻ ነች። ተቀመጥኩ። የአሪየት ፊት ስክሪኑን ሞልቶታል። በአሪየት ጀምሪ፣ ቁጥር ሦስትን ተጫኚ አሉ።

እጄ አልሄደም። የአሪየትን ላብ አየሁ፣ ጠባሳውን አየሁ። አልጫንም አልኩ። ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙልኝ። ሰምቻለሁ ጋሼ፣ አልነካውም አልኩ።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ በርጩማ ስበው በአባት ወግ መከሩኝ። እኛ ሰው የሚወደውን ነው የምንሰጠው አሉ። ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው ራሱን ለማየት ቢሆን መስታወት ይበቃው ነበር አሉ። ነገሩ እውነትነት አለው፣ አለው። ግን እኔም ልቤ ደንድኗል። መጨረሻ ላይ የፊቱ ባለቤት ራሷ ትምጣና ትንገርሽ ብለው አሪየትን አስጠሯት።

አሪየት ከነሽርጧ፣ አሳ አሳ እየሸተተች መጣች። በልቤ፣ አሁን ጓደኛዬ መጣችልኝ ብያለሁ። ፎቶውን አየችው፣ ቁጥር ሦስት ምን እንደሚያደርግ ጋሽ ታደሰ አስረዷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የተናገረችውን ስሙ።

"አጁሉ፣ ፊቱ የኔ ነው። አንድ ቀን እንኳን ባምር ምን አለበት? አፍኪኝ።"

ምን ትላላችሁ? እኔ ስለ እሷ እየታገልኩ፣ እሷ ከጋሽ ታደሰ ጋር ቆመች። ለዚያውም ፊቱ የሷ መሆኑን ማን ይክዳል? ቀኑን ሙሉ ጭስ ላይ የምትውል ልጅ አንድ ቀን ማማር ቢያምራት ኃጢአት አይደለም። ግን እንዴት እንደምታምር እያየሁት ነው! ፊት ለፊቴ ነው!

"ፊቱ ያንቺ ነው" አልኳት፣ "እጁ ግን የኔ ነው። እጄ እምቢ ብሏል።"

አሪየት ጥላኝ ወጣች። ጋሽ ታደሰ፣ እንግዲያው ካሜራዬን እዚህ አስቀምጪው አሉ። ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማንጠልጠያው ለብሼው ከመኖሬ የተነሳ በኔ ላብ ነጥቷል። ይቅርታ ጠይቂ የሚል ድምፅ ውስጤ መጣ፤ ዝም አሰኘሁትና ወጣሁ። ቁጥር ሦስትን ራሳቸው ጋሽ ታደሰ ተጫኑት።

ባነሩ ተሰቀለ። ከመንገድ ማዶ ሆኜ አየሁት። ነጭ ልብስ የለበሰች፣ ነጭ ልጅ፣ አፏን ከፍታ። ላብ የለ፣ ጠባሳ የለ፣ ቅንድቡም እንደ አዲስ ተስሏል። ባጃጅ ነጂዎቹ ቆም እያሉ ያደንቋታል። እኔ ያለ ካሜራ ከተማውን ስዞር ሰነበትኩ። እጄ ባዶ ሲሆን መንገዱ ሁሉ ፎቶ ሆኖ አሾፈብኝ። ያ በመስኮት እግሩን የሚያወጣው ሹፌር እንኳን አንድ ቀን ሁለቱንም እግሩን አውጥቶ ተኝቶ አገኘሁት። ልቤ ቆሰለ። ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም።

የኮንፈረንሱ ቀን የአሪየት እናት ከመንደር መጡ። ልጅዎ በትልቁ ተሰቅላለች ተብሎ ተደውሎላቸዋል። አዲስ ነጠላ አድርገው፣ ዘመድ አስከትለው፣ ከባጃጅ ወረዱ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ባነሩ ሥር አቆሟቸው። ቀና ብለው አዩ። ዘወር ብለው ግድግዳውን አዩ። አጥሩንም አዩ። ከዚያ በአኙዋክኛ፣ ልጄ የታለች ብለው ጠየቁ። ዘመዳቸው በጣቱ ወደ ላይ አሳያቸው። እሳቸው የቅንድቡን ቦታ ብቻ ትክ ብለው አዩት።

"ይቺን የወለድኳት እኔ አይደለሁም" አሉ።

አሪየት ልትቀበላቸው እየሮጠች መጥታ አጠገባቸው ደርሳ ነበር። ሰማች። ባለችበት ቀረች። እናቷ ዘወር ሲሉ አይተዋት አቀፏት፤ አውራ ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ያንን ጠባሳ ጠረግ ጠረግ አደረጉት፣ ልጅ ሆና ያደርጉት እንደነበረው መሰለኝ። አሪየት አንድ ጊዜ ባነሩን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ፕሮግራሙ ተጀመረ። የመቲ መዘምራን ዘመሩ፣ ጎበዞች ናቸው። የኢታንጎቹ ዘመሩ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ያቺ የኔ ሰዓት ስትደርስ፣ አሪየት ወጣች። እንዲህ ዘምራ አታውቅም። ተናዳለች፣ አፍራለች፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘመረችው። ሕዝቡ ተነሳ፣ አቧራው ተነሳ፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ወደ ላይ አነሱ። እኔ እጄን የት ላድርገው? ካሜራ የለኝ። ያንን የተሰነጠቀ ስልክ አወጣሁና በሰዉ መሃል እየተጋፋሁ በጎን በኩል ደረስኩ። አሪየት በተጨፈነ ዓይኗ የት እንደምቆም ታውቃለች መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ስክሪኑን ነካሁና አነሳኋት።

መዝሙሩ እንዳለቀ የመቲ መዘምራን መሪ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጨዋ ሰው፣ ወደ ወንድም ኦባላ መጣ። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ አንድ ቃል አላመለጠኝም። ይቺ ልጅ ድንቅ ናት፣ ጌታ ይባርካት አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ባነሩ ላይ ያለችው እንግዳ ዘማሪትስ መቼ ነው የምትቀርበው ብሎ ጠየቀ። ከአዲስ አበባ የመጣች መስሏቸው መዘምራኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቋት ነበር። አብረዋት ፎቶ ለመነሳትም ተሰልፈዋል።

ወንድም ኦባላ ውሸት የማይወድ ሰው ነው። ሰውየውን አየ፣ ባነሩን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ማንጎ የምቆጥር መስዬ ዛፉን አያለሁ።

"አልመጣችም" አለ።

እውነቱን ነው። አልመጣችም።

ሳቄን ይዤ ወደ አሪየት እናት ሄድኩ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ስንጥቁ በአሪየት ትከሻ ላይ ያልፋል እንጂ ፊቷን አልነካውም። ጥቁር፣ በላብ የሚያበራ፣ ቅንድቡ የተሰቀለ ፊት። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ ልክ ጠባሳው ላይ አሳረፉ። ይቺን እኔ ነኝ የወለድኳት አሉ። አሪየት ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር። ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ስልኩን ከእናቷ ተቀበለችና ብዙ አይታው መለሰችልኝ።

"ይሄን አትንኪብኝ" አለች። አልነካሁባትም።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ አስጠሩኝ። ወሬው ደርሷቸዋል፣ ጋምቤላ ውስጥ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ስለ ባነሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ካሜራሽን ውሰጂ ብቻ አሉ። ካሜራሽን! ከዚያ በፊት ካሜራዬን ነበር የሚሉት። የስልኩንም ፎቶ ምንም ሳይነኩ በትልቁ አትመው፣ ለእናትየው ስጪያቸው አሉኝ። በቃ ሰውየው ተለወጡ ብዬ ልፎክር ስል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ነገር ጨምረዋል፤ ጋምቤላ ዜሮ። ሲጫኑት ምንም አይሆንም። ፊቱ እንዳለ ይወጣል። ሰዉ አሁን እሱን መጠየቅ ጀምሯል፤ ጋሽ ታደሰም ምንም ላለማድረግ ከቁጥር ሦስት የበለጠ ያስከፍላሉ። እኔ እሱ ሥራ ላይ ተመድቤያለሁ። በር ላይ ያለው አረብ ግን እስካሁን አልወረደም።

ፎቶውን ይዤ ወደ እነ አሪየት መንደር ሄድኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ መታወቂያዬን ገና ሲያይ አወቀኝና፣ እህትሽ እንዴት ናት አለኝ። ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች አልኩት።

የአሪየት እናት ፎቶውን ጎጆው ውስጥ፣ ከአልጋቸው ራስጌ ሰቀሉት። ከዚያ ፍየሎቼን ላሳይሽ ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የፍየሎቹ ዳስ ላይ አንድ ነገር ተዘርግቶ ነጣ ብሎ ይታያል። ተጠግቼ ሳይ ያቺ ልጅ ናት። ባነሩ ሲወርድ ለምነው አምጥተውታል። ወደ ሰማይ አንጋጣ፣ አፏን ከፍታ ትዘምራለች። ከሥሯ ፍየሎቹ እርጥበት ሳይነካቸው ያመሰኳሉ።

እዚህ ምን ታደርጋለች አልኳቸው። እሳቸው በእርካታ ላስቲኩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

"የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም" አሉ፣ "ግን ዝናብ አታስገባም።"